የብዙ ኢሜይል አድራሻዎችን ደብዳቤ በአንድ ሣጥን ስለ መቀበል

በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ቆሞ የሚነበብ ስለሆነ አጠር ማለት እንዳለበት አውቃለሁ። ይሁንና የዛሬው ጉዳይ ትንሽ ዘርዘር ማለትን ይጠይቃል። በሻይ ሰዓት ጀምሮ በምሳ ሰዓት መጨረስ ይቻላል።

ወደዚህ ተቋም ከመምጣቴ በፊት በሌላ ቦታ ሳስተምር «አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ» ተብዬ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ እንድጠብቅ ተመደብኩ። ድረ ገጹ አምስት የኢሜይል አድራሻዎች ነበሩት፤ አንዱ ለጠቅላላ መረጃ፣ አንዱ ለሬጅስትራር፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለቅበላ፣ አንዱ ደግሞ ለዲኑ ጽሕፈት ቤት። ሁሉም «ያግኙን» በሚለው ገጽ ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፈዋል። ማን ይከፍታቸዋል ብዬ ስጠይቅ ግን ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ሰው አመለከተኝ። የሬጅስትራሩን የይለፍ ቃል ያውቅ የነበረው ባልደረባ ወደ ሌላ ክልል ተዛውሯል። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ዘንድ ደጅ ጠንቼ አዲስ የይለፍ ቃል እስኪሰጠኝ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ሣጥኑን ከፈትኩት።

ከዓመት በላይ ያልተነበበ ደብዳቤ ተከምሮ ጠበቀኝ። አብዛኛው ማስታወቂያና ቆሻሻ ነው። ከመካከሉ ግን አንድ የቀድሞ ተመራቂ ሦስት ጊዜ ጽፎ ነበር። ሊቀጥረው የፈለገ ትምህርት ቤት የትምህርት ማስረጃው ትክክለኛ መሆኑ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ጠይቆታል፤ የመጨረሻ ቀንም ቆርጦለታል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ጉዳዩን በአክብሮት አስረድቷል። በሁለተኛው «በድጋሚ ለማስታወስ ያህል» ብሏል። ሦስተኛዋ አንዲት መስመር ናት፤ «ቀኑ ስላለፈ ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ አመሰግናለሁ» ትላለች። ስልኩን ግርጌ ላይ ጽፎት ስለነበር ደወልኩለት። በትሕትና አነጋገረኝ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እንግዲህ ምን ይባላል? «ይቅርታ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ስንፍና ብቻ አይደለም ይህን ያመጣው። አምስት በር ሠርቶ አንድ ዘበኛ ማቆም ነው። በመሆኑም አንድ ሰው ወይም አንድ ቢሮ የብዙ አድራሻዎችን ደብዳቤ እንዴት በአንድ ሣጥን ሊቀበል፣ ሊለይና በትክክለኛው አድራሻ ሊመልስ እንደሚችል ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሠልጣኞችም ነገ የምትመደቡበት ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ቢኖረው ይህ ሥራ ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም፤ ወጣት መምህር ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ለእሱ ማስረከብ የተለመደ ነውና።

ሣጥንና መዝገብ ቤት

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ቁልፉ ያለው ሰው ሄዶ ካልከፈተ ደብዳቤው እዚያው ይከርማል። ኢሜይልም እንደዚሁ ነው። አምስት አድራሻ ማለት አምስት ሣጥን፣ አምስት ቁልፍ ማለት ነው፤ በየቀኑ አምስቱንም እየዞረ የሚከፍት ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ይዞራል፤ በሁለተኛው ሁለቱን ይተዋል፤ ከወር በኋላ አንዱ ብቻ ይቀራል።

መሥሪያ ቤቶቻችን ለዚህ ችግር በወረቀቱ ዘመን መፍትሔ አበጅተውለታል፤ እሱም መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤው ለማንም ይጻፍ፣ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል። እዚያ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል። መልሱም ሲወጣ በዚያው በኩል፣ በክፍሉ ስም፣ ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት ይወጣል። በኮምፒዩተር ልንሠራው የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሬንጅና ካርቦን ወረቀት አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ታዲያ አራቱን አድራሻ ሰርዞ አንድ ብቻ መተው አይሻልም ወይ? አንዳንዴ አዎን፣ ይሻላል። አራት መምህራን ያሉበት ትምህርት ቤት ስድስት አድራሻ ምን ይሠራለታል? ነገር ግን አንድ ጊዜ በማስታወቂያ፣ በማኅተምና በደብዳቤ ራስጌ ላይ የወጣ አድራሻ በቀላሉ አይሰረዝም፤ ሰው ለዓመታት ይጽፍበታል። ደግሞም አንዳንዶቹ እንዲኖሩ ይጠበቃል። በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች የተሰራጨ አንድ ሰነድ ለተለመዱ ሥራዎች የተለመዱ ስሞችን ደንግጓል፤ ለመረጃ «ኢንፎ»፣ ለድረ ገጹ ኃላፊ «ዌብማስተር»፣ ለደብዳቤ አገልግሎቱ ኃላፊ «ፖስትማስተር»፣ የአላግባብ አጠቃቀም አቤቱታ ለሚቀበለው «አቢዩዝ» የመሳሰሉት። ከሰርቨራችሁ ቆሻሻ ደብዳቤ እየወጣ ነው ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሰው የሚጽፈው በእነዚህ ነው።

ደብዳቤው እንዴት ይመጣል?

የኢሜይል አድራሻ ሁለት ክፍል አለው። በመካከሉ «አት» የሚባለው፣ ጅራቱ ራሱን የከበበው የላቲን «ኤ» ምልክት አለ። ይህን ምልክት በ1971 የመረጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ነው፤ በአርፓኔት መረብ ላይ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ደብዳቤ ሲልክ የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት ተጠቀመበት። ከምልክቱ በፊት ያለው የባለ ሣጥኑ ስም ነው፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው ደግሞ ዶሜይን ይባላል፤ በትምህርት ተቋሞቻችን አብዛኛውን ጊዜ በ«ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ያበቃል።

አንድ ሰው ለሬጅስትራሩ ሲጽፍ የላኪው ሰርቨር «የዚህን ዶሜይን ደብዳቤ የሚቀበል ማነው?» ብሎ ዲ ኤን ኤስ የሚባለውን የስም መዝገብ ይጠይቃል። ይህን የስም መዝገብ ሥርዓት ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ነው የነደፈው። መዝገቡ «ኤም ኤክስ» በሚባለው መስመር ላይ የተቀባዩን ሰርቨር ስም ይነግረዋል። ከዚያ ደብዳቤው ኤስ ኤም ቲ ፒ በሚባለው የመላኪያ ደንብ፣ ደንቡ በ1982 የወጣ ነው፣ ተጉዞ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድረ ገጹና ደብዳቤው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ የተለያየ መስመር ናቸው፤ በተለያየ ሰርቨርም ሊያድሩ ይችላሉ። ስለዚህ ድረ ገጹን ወደ ሌላ አስተናጋጅ ስታዛውሩ የኤም ኤክሱን መስመር ረስታችሁ ከተዋችሁት፣ ድረ ገጹ አምሮ ይከፈታል፤ ደብዳቤው ግን የለም። ማንም ቶሎ አያውቅም። ደብዳቤ ሲቀር ድምፅ የለውማ!

አድራሻዎቹን ወደ አንድ ማምጣት

በጣም ቀላሉ መንገድ ቅጽል አድራሻ ነው፤ «ኤልያስ» ይሉታል። ይህም ማለት አድራሻው አለ፣ ሣጥን ግን የለውም። ለ«ላይብረሪ» የተጻፈው በዚያው ሰርቨር ላይ ወዳለው የ«ኢንፎ» ሣጥን ይገባል፤ የራሱ የይለፍ ቃል ስለሌለው የሚጠፋ ቁልፍም የለውም። ሁለት ሦስት አድራሻ ያለውና አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ቢሮ ከዚህ በላይ ባይሄድ ይመከራል። በብዙ አስተናጋጆች ዘንድ በሲፓነል ወይም በመሰል መቆጣጠሪያ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይሠራል።

ሁለተኛው ማስተላለፍ፣ በተለምዶ «ፎርዋርድ» የሚባለው ነው። ደብዳቤው በተቋሙ ሰርቨር ላይ ደርሶ ወደ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ አንዱ መምህር ጂሜይል ይላካል። ይህን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ችግር አለው፤ ችግሩን ለመረዳት ደግሞ ስለ ተላላኪ እናስብ።

አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገቡ ላይ «የእኔን ደብዳቤ የሚያደርሱት ተላላኪዎች እነዚህ እነዚህ ናቸው» ብሎ ዝርዝር ያወጣል እንበል። ይህ ዝርዝር ኤስ ፒ ኤፍ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ ለሬጅስትራራችሁ ይጽፋል፤ የእናንተ ሰርቨር ደግሞ ደብዳቤውን እንዳለ ወደ ጂሜይል ያሻግራል። ጂሜይል በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ በፖስታው ላይ ያለው የላኪ ስም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ያመጣው ተላላኪ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። «ይሄ ማነው?» ብሎ ይጠራጠራል፤ አንዳንዱን ወደ ቆሻሻ ሣጥን ይጥለዋል፣ አንዳንዱን ጭራሽ አይቀበልም። ደብዳቤው ዲኪም የሚባለው ማኅተም ካለበትና በመንገድ ላይ ካልተነካካ በማኅተሙ ሊያልፍ ይችላል። የማያልፈውም ብዙ ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች ሲያስተላልፉ የፖስታውን የላኪ አድራሻ ወደራሳቸው ይለውጡታል፤ ይህ ነገሩን ያቃልላል፤ አስተናጋጃችሁ ይህን ያደርግ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሌላም አለ። ፎርዋርዱ ቆሻሻውንም አብሮ ያሻግራል። ጂሜይል ከእናንተ ሰርቨር በኩል ብዙ ቆሻሻ ሲጎርፍ ካየ ሰርቨራችሁን ራሱን በክፉ ዓይን ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ቅን ደብዳቤም ይቸገራል። ደግሞ ሁለት አድራሻዎች አንዱ ወደ ሌላው እንዲያስተላልፍ ተደርገው ከሆነ ደብዳቤው በመካከላቸው ሲመላለስ፣ አንደኛው ሰርቨር ነገሩን ነቅቶ እስኪያቆመው ድረስ እንደ ቴኒስ ኳስ ይለጋል። አድርጌው አውቃለሁ።

ፖፕና ኢማፕ

የቀሩት ሁለት መንገዶች ደብዳቤውን ከሣጥኑ ሄዶ ማምጣት ናቸው። በፖፕ ደንብ የሚሠራ ፕሮግራም ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤዎቹን ወደራሱ ይወስዳል፤ «ቅጂው በሰርቨሩ ይቆይ» ካልተባለ ደግሞ ከሣጥኑ ያጠፋቸዋል። በኢማፕ ደንብ ደግሞ ደብዳቤው በሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ፕሮግራሙ የሚያሳየን የዚያን ምስል ነው፤ በስልክ ያነበብነው በቢሮው ኮምፒዩተርም የተነበበ ሆኖ ይታያል። ኢማፕን ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው የፈጠረው። ሐሳቡ ከዕድሜው በላይ ወጣት ነው፤ ዛሬ አንድ ሰው ስልክም ላፕቶፕም ይዞ በሚዞርበት ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል።

የልዩነቱን ነገር በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገራችሁ። የቤተ መጻሕፍቱን ሣጥን በፖፕ ወደ እኔ ፕሮግራም ሳገናኝ ቅጂ እንዲቆይ የምትለዋን ምልክት አላደረግኩም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ደግሞ ያንኑ ሣጥን በድረ ገጹ በኩል በየጠዋቱ ይከፍቱ ኖሯል፤ ለካስ ከአምስቱ በየቀኑ የሚከፈተው እሱ ብቻ ነበር! በማግሥቱ ቢሮዬ መጥተው «ልጄ፣ ሣጥናችን ውስጥ ሌባ ገብቷል» አሉኝ። ሌባው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እየመለስኩ ላክሁላቸው፤ የደረሱበት ቀን ሁሉ ግን ተበላሸ። ስለዚህ ከአንድ ሰው በላይ ለሚጠቀምበት ሣጥን ፖፕን አልመክርም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በብዙ አሮጌ መመሪያዎች ላይ «በጂሜይል ውስጥ ከሌሎች አድራሻዎች ደብዳቤ አምጣ የሚለውን ሙሉ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ይህ አገልግሎት በፖፕ የሚሠራ ነበር፤ ጉግል ከ2026 ጀምሮ እንደሚያቆመው በ2025 አስታውቋል። ስለዚህ በዚያ ላይ አዲስ ነገር አትገንቡ። ቀድሞ በዚህ መንገድ ያገናኘ ሰው ካለም ደብዳቤ መምጣቱ ቀርቶ እንዳይሆን ያጣራ። የጂሜይል የስልክ መተግበሪያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የተቋሙን አድራሻ በኢማፕ ጨምሮ «ሁሉም ኢንቦክሶች» በሚለው ሥር አንድ ላይ ማየት ይቻላል።

በኮምፒዩተር ላይ ለሚሠራ ሰው ሞዚላ ተንደርበርድ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ከ2024 ወዲህ ለአንድሮይድ ስልክም ወጥቶለታል። አምስቱን አድራሻ አንድ በአንድ ታስገቡና ከግራ በኩል ባለው የማኅደር ዝርዝር የተዋሐዱ ማኅደሮች እንዲታዩ ታደርጋላችሁ፤ የአምስቱም ገቢ ደብዳቤ በአንድ ሰልፍ ይቆማል። ሲያስገቡ የሚጠየቁት ነገር ጥቂት ነው፤ የኢማፕ ሰርቨሩ ስም፣ ከመግቢያ ቁጥሩ 993 ጋር፤ የመላኪያው ሰርቨር ስም፣ ከ465 ወይም ከ587 ጋር፤ የተጠቃሚው ስም፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ ሙሉው የኢሜይል አድራሻ ነው፤ የይለፍ ቃሉ። አስተናጋጁ ከዚህ የተለየ ቁጥር ከሰጣችሁ የእሱን ተከተሉ። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት የተጠቃሚውን ስም ከምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ በመጻፍ ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ኢማፕ አይሆንም የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እውነትነት አለው፤ ግን ተንደርበርድ የደብዳቤውን ቅጂ በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላልና መብራትና መስመር ሲኖር የወረደው መስመር ሲጠፋ ይነበባል። የተጻፈውም መልስ በወጪ ሣጥን ሆኖ መስመር ይጠብቃል። በስልክ ዳታ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ አባሪ ሰነዶች በራሳቸው እንዳይወርዱ ማድረግ ገንዘብ ያድናል።

መልስ የመስጠት ነገር

ብዙ ሰው ደብዳቤው ወደ አንድ ሣጥን ሲገባ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ግማሹ ገና ነው። ለሬጅስትራር የጻፈ ሰው መልሱ ከአንድ ከማያውቀው የግል ጂሜይል ቢመጣለት ምን ይላል? ማጭበርበር ነው ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። ማስረጃ ያረጋግጥልን ያለው ትምህርት ቤትም በግል አድራሻ የመጣ ማረጋገጫ አይቀበልም፤ መቀበልም የለበትም። በመዝገብ ቤቱ ቋንቋ ስንናገር፣ ወጪው ደብዳቤ በክፍሉ ራስጌ መውጣት አለበት።

በተንደርበርድ ይህ በአብዛኛው በራሱ ይሠራል፤ ደብዳቤው በየትኛው አድራሻ ከመጣ መልሱን በዚያው ይከፍታል። ቅጽል አድራሻ ከሆነ ግን «መለያ» በሚለው ሥር ስሙን መጨመር ያስፈልጋል። በጂሜይል ደግሞ «በዚህ ስም ላክ» በሚለው ክፍል ውስጥ አድራሻው ሲጨመር የተቋሙ የመላኪያ ሰርቨር ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ከዚያ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ አድራሻው ይልካል። «ደብዳቤው በደረሰበት አድራሻ መልስ» የምትለውንም መምረጥ ነው። ይህች ትንሽ ምልክት ካልተደረገች ሰው በጥድፊያ ሲመልስ የግል አድራሻው ይወጣል።

መላኪያው የተቋሙ ሰርቨር መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ከላይ ስለ ተላላኪው ከተናገርነው ይገባችኋል። በሌላ ሰርቨር በኩል በተቋሙ ስም የሚወጣ ደብዳቤ ከኤስ ፒ ኤፉ ዝርዝር ውጭ ነው፤ የተቋሙ የዲኪም ማኅተምም የለበትም። ዲማርክ የሚባለው ሦስተኛ መስመር ደግሞ «ዝርዝሩም ማኅተሙም ከላኪው ስም ጋር ካልተስማማ እንዲህ አድርጉ» ብሎ ለተቀባዩ መመሪያ ይሰጣል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በዚህ ነገር ጠንክረዋል፤ ወደ ግል የጂሜይል ሣጥኖች የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ከዝርዝሩና ከማኅተሙ አንዱ እንዲኖረው፣ በቀን ከ5000 በላይ የሚልክ ደግሞ ሦስቱም እንዲኖሩት ጉግል ይጠይቃል። እኛ በቀን 5000 አንልክም፤ ሆኖም ሦስቱም ቢኖሩን ይሻላል። አስተናጋጁን መጠየቅ እንጂ እናንተ ራሳችሁ መጻፍ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

መለየት

አምስቱ ደብዳቤ አንድ ሣጥን ሲገባ ይደባለቃል። ይህን የሚያስተካክለው ማጣሪያ ነው፤ «ለሬጅስትራር የተጻፈ ከሆነ ቀይ ምልክት አድርግበት» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። የእኔ አስተያየት ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል የሚል ነው። አንዳንዶች ማጣሪያው ደብዳቤውን አንሥቶ ወደ አምስት ማኅደር እንዲከት ያደርጋሉ፤ ታዲያ ምን ተለወጠ? አምስት ሣጥን ወደ መክፈት ተመለስን ማለት ነው!

ማጣሪያ የማያየው አንድ ደብዳቤ አለ። ላኪው አድራሻችንን በስውር ግልባጭ ካስገባው «ለ» በሚለው መስመር ላይ ስማችን አይገኝም። ስለዚህ ማጣሪያው ካላወቀው ደብዳቤው ሳይቀባ በሣጥኑ መቅረት አለበት እንጂ መጣል የለበትም። የማይታወቅ ስም የተጻፈበትን ሁሉ የሚቀበል «ካች ኦል» የሚባል አሠራርም አለ፤ ሰው «ሬጅስትራር» ብሎ ሲጽፍ ቢሳሳት ይያዝለታል የሚል ሐሳብ ነው። ሞከርኩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆሻሻ አጥለቀለቀኝ፤ ዘጋሁት። ስሙን ለተሳሳተ ሰው ደብዳቤው ተመላሽ ቢሆንለት ይሻለዋል፤ ቢያንስ አለመድረሱን ያውቃል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስ። ሬጅስትራሩ ሣጥን የተዘጋው በመሣሪያ ጉድለት አይደለም፤ ቁልፉ ከሰውየው ጋር ስለ ሄደ ነው። ሰው ሲዛወር ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ በቅጽ ያስረክባል። የኢሜይል አድራሻ በርክክቡ ቅጽ ላይ ተጽፎ አላየሁም። መጻፍ አለበት፤ የይለፍ ቃሉ ሳይሆን፣ የአድራሻው ስም፣ ማን እንደሚያነበው፣ የመቆጣጠሪያው ኃላፊ ማን እንደሆነ። የይለፍ ቃሉ በርክክቡ ዕለት ይለወጣል። የዶሜይኑም ምዝገባ የሚታደስበት ቀን እዚያው ቢጻፍ ደግ ነው፤ ምዝገባው ካለፈ ድረ ገጹም ደብዳቤውም አብረው ይቆማሉ።

የተቋሙን ደብዳቤ ወደ አንድ ሰው የግል ጂሜይል ማምጣትን በዚሁ ምክንያት አልወደውም። የተማሪ ውጤት፣ የሕመም ፈቃድ፣ አቤቱታ ሁሉ በግል ሣጥን ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። መሰብሰቢያው ሣጥን የተቋሙ ይሁን። ከአምስቱም በላይ የሆነ ቁልፍ ስለሆነም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ፤ አንዱ ቢሰረቅ አምስቱም ተሰረቁ ማለት ነውና። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያለበት የጉግል መለያ እንደ ተንደርበርድ ካለ ፕሮግራም ጋር ሲገናኝ በጉግል መግቢያ ገጽ በኩል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያን ገጽ ማሳየት ለማይችል አሮጌ ፕሮግራም ደግሞ 16 ፊደል ያለው ልዩ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። «ትክክለኛውን አስገብቼ እምቢ አለኝ» የሚለው የተለመደ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሁለት ሰዎች አንድ ሣጥን ሲጋሩ ደግሞ «አንተ የመለስክለት መስሎኝ» የሚባል በሽታ አለ። መድኃኒቱ ተራ ነው፤ ያነሣው ሰው ከማንበቡ በፊት ምልክት ያድርግበት፤ የሰኞና የረቡዕ ተረኛ አንዱ፣ የማክሰኞና የሐሙስ ሌላው ቢሆንም ይቻላል።

ሙከራ

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው መፈተሽ ነው። ከራሳችሁ የግል አድራሻ ለአምስቱም አንዳንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ በርእሱ ላይ የአድራሻውን ስምና ሰዓቱን አስገቡ። ሁሉም በአንዱ ሣጥን መድረሳቸውን እዩ፤ የጠፋ ካለ መጀመሪያ የቆሻሻውን ሣጥን ክፈቱ። ከዚያ ለአምስቱም መልስ ስጡና ወደ ግል አድራሻችሁ ተመልሳችሁ «ከ» በሚለው መስመር ላይ ምን ስም እንደወጣ ተመልከቱ። በጂሜይል ውስጥ «ዋናውን አሳይ» የሚለውን ከነካችሁ ኤስ ፒ ኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ማለፍ አለማለፋቸው ከላይ ተጽፎ ይገኛል። ሦስቱም ካለፉ ጥሩ ነው፤ አንዱ ከወደቀ ያንን ገጽ አትሙና ለአስተናጋጁ ላኩለት፤ በቃል ከማስረዳት ይቀላል። ሙከራውን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ መድገም ያስፈልጋል፤ ሰርቨር ይለወጣል፣ የይለፍ ቃል ይለወጣል፣ የነገራችሁ ሰው የለም።

ይህን ሙከራ በተግባር ለማየት የሚፈልጉ ሠልጣኞች በዚህ ሰሌዳ ግርጌ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ስማቸውንና ክፍላቸውን ይጻፉ። አሥር ሰው ሲሞላ በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ፣ መብራት ባለበት ቀን፣ በራሳችን ተቋም አድራሻዎች ላይ እንሠራዋለን። የእኛስ ስንቱ ይከፈታል የሚለውን ያኔ አብረን እናያለን።